የሚያብጥና የሚሰነጠቅ መሬት፦ ጥያቄዎቻችሁና መልሶቻችን

በዚህ ወር ከደረሱን ደብዳቤዎች መካከል አራቱ፣ ጸሐፊዎቻቸው የማይተዋወቁና የጻፉበትም ምክንያት የተለያየ ቢሆንም፣ የሚጠይቁት ስለ አንድ አፈር ነው። ሁሉም የተጻፉት ከመሐል አዲስ አበባ፣ ከሜክሲኮ፣ ከአራት ኪሎ፣ ከልደታና ከካዛንቺስ ነው። አፈሩን አንዱ ኮቲቻ፣ ሁለተኛው ዋልካ፣ ሦስተኛዋ መረሬ ሲሉት፣ አራተኛዋ «ያ ጥቁር አፈር» ብለው አልፈዋል። አራቱን ለያይቶ በአራት እትም ከመመለስ ይልቅ የአንዱ መልስ ለሌላው እንዲተርፍ በማሰብ የዛሬውን ዓምድ በሙሉ ለዚሁ አፈር ሰጥተነዋል።

ጥያቄ፦ «ወንድሜ የሚያርሰው የቤተሰባችን መሬት በበቾ ሜዳ፣ ከቱሉ ቦሎ ወረድ ብሎ ይገኛል። በየካቲት ስሄድ ማሳው ተሰነጣጥቆ እጄን እስከ ክርኔ ድረስ ያስገባሁበት ስንጥቅ አየሁ። በነሐሴ ስመለስ ያው ማሳ ሐይቅ መስሎ፣ ስንዴውም ቢጫ ሆኖ ጠበቀኝ። ወንድሜ ‹መሬቱ እንዲህ ነው› ከማለት በቀር የሚሰጠኝ ምክንያት የለም። መሬቱ ታሟል? ስንጥቁን በድንጋይና በሌላ አፈር ብንሞላውስ?» (መ.ተ.፣ ከሜክሲኮ አካባቢ)

መልስ፦ መሬቱ አልታመመም፤ ወንድምዎ የሰጡዎት መልስም አጭር ይሁን እንጂ ትክክል ነው። በየካቲት ያዩት ስንጥቅና በነሐሴ ያዩት ሐይቅ የአንድ ባሕርይ ሁለት ገጽታዎች ናቸው። ይህ አፈር ከ30 በመቶ በላይ፣ ብዙ ጊዜም ከግማሽ በላይ የሚሆነው ክፍሉ ከ0.002 ሚሊ ሜትር ያነሱ የሸክላ ቅንጣቶች ናቸው። ሸክላው ደግሞ እንደ ሌላው ሸክላ አይደለም። ስመክታይት ከተባለው የማዕድን ወገን የሆነው ይህ ሸክላ በመሶብ ውስጥ እንደተነባበረ እንጀራ እጅግ ስስ በሆኑ ንጣፎች የተሠራ ሲሆን፣ ውሃ ሲያገኝ በንጣፎቹ መካከል እያስገባ ያብጣል፣ ሲደርቅ ደግሞ ውሃውን አጥቶ ንጣፎቹ ይጠጋጋሉ። ይህ በዓይን በማይታይ መጠን የሚሆነው ነገር በብዙ ቢሊዮን ቅንጣቶች ላይ ሲደመር፣ ማሳው በበጋ ኩምትር ብሎ ይሰነጠቃል፣ በክረምት ተነፍቶ ይገጥማል።

ስንጥቁ ክፍት በሆነበት ወቅት የሚጥል የበልግ ዝናብ በስንጥቁ በኩል በቀጥታ ወደ ጥልቁ ይወርዳል። አፈሩ ከጠገበና ስንጥቁ ከተዘጋ በኋላ ግን ውሃ ወደ ታች የሚሰርግበት ፍጥነት ከምንም የማይቆጠር ይሆናል። በነሐሴ ያዩት ውሃ ከሰማይ የወረደው፣ አዋሽ ከአፉ አልፎ ሲወጣም ከወንዙ የተጨመረው፣ መግቢያ አጥቶ የተኛ ውሃ ነው። የስንዴው ሥር በዚያ ውስጥ አየር ያጣል። የተዘራው ዩሪያ ቢሆን ከፊሉ ውሃ በተኛበት አፈር ውስጥ ወደ ጋዝነት ተለውጦ ወደ አየር ያመልጣል። ስንዴው ቢጫ የሆነው ስለዚህ ነው፤ መድኃኒቱም ማዳበሪያ መጨመር አይደለም፣ ውሃውን ማጠንፈፍ ነው።

ስንጥቁን በድንጋይ ስለ መሙላት ያነሡትን ሐሳብ ግን እባክዎ ይተዉት። አፈሩ በክረምት የሚያብጠው ስንጥቁን መልሶ ለመሙላት ነው። ቦታውን ድንጋይ ከያዘበት የሚያብጠው አፈር መሄጃ ሲያጣ ወደ ጎንና ወደ ላይ ይገፋል። ይህ ያለ ሰው እጅም በየዓመቱ የሚሆን ነገር ነው። በበጋ ከላይ ያለው ብስባሽና ፍርፋሪ አፈር በነፋስም፣ በከብት እግርም ወደ ስንጥቁ ይወርዳል፣ ክረምት ሲገባ ከታች ያለው ያብጥና የላይኛውን እየገፋ ያወጣል፤ መሬቱ ቀስ በቀስ ራሱን ይገለብጣል ማለት ነው። የአፈር ሊቃውንት «ቨርቲሶል» የሚሉት ስም የመጣውም ማዞር፣ ማገላበጥ ከሚል የላቲን ቃል ነው። ወንድምዎ ዘንድሮ የለቀሙት ድንጋይ ለከርሞ እንደገና ብቅ ቢል ማንም ጎረቤት አልጣለባቸውም፤ ከታች ተገፍቶ የወጣ ነው። ሜዳ በሚመስለው ማሳ ላይ ጉብታና ጎድጓዳ እየተፈራረቀ የሚታየውም ከዚሁ መገፋፋት የተነሣ ነው።

እንግዲህ ምን ይደረግ? የአገራችን ገበሬ ይህን አፈር ከማንም ቀድሞ ያውቀዋል፣ ዘዴም አበጅቶለታል። ጤፍ ውሃ የተኛበትን መሬት ከስንዴና ከባቄላ በተሻለ ስለሚችል በጥቁር መሬት ላይ ቀዳሚ ሆኗል። ሽምብራና ጓያ ደግሞ ዝናቡ ሊያበቃ ሲል ተዘርተው አፈሩ በጥልቁ በያዘው ቅሪት እርጥበት ይበቅላሉ። (ጓያን ከሌላ እህል ሳይደባልቁ ለወራት ዋና ምግብ ማድረግ እግርን ሽባ ሊያደርግ ስለሚችል ይህን ባነሣሁ ቁጥር ማሳሰቤ አይቀርም።) በሰሜን ሸዋ፣ በእነዋሪ አካባቢ ደግሞ ገበሬዎች ከእርሻው በኋላ ሰፋ ያለ መደብና ቦይ በእጃቸው እየሠሩ ውሃውን ያወርዳሉ፤ በእጅ የሚሠራው ይህ ሥራ ምን ያህል ወገብ እንደሚፈልግ ያየ ያውቀዋል። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መቀመጫውን አዲስ አበባ ያደረገው የአፍሪካ ዓለም አቀፍ የእንስሳት ማዕከል፣ ከአገር ውስጥ የግብርና ተቋማትና ከሌሎች ዓለም አቀፍ የምርምር ማዕከላት ጋር ሆኖ፣ ይህንኑ የእነዋሪን ሥራ በበሬ ለማሠራት ሁለት ማረሻ ጎን ለጎን አያይዞ «ቢቢኤም» (ሰፊ መደብ መሥሪያ) የሚባለውን መሣሪያ አወጣ። መደቡ ወደ 80፣ ቦዩ ወደ 40 ሳንቲ ሜትር የሚሆን ስፋት አለው። በዚህ የተጠነፈፈ መሬት ላይ ስንዴን እስከ ክረምቱ ማብቂያ ሳይጠብቁ በወቅቱ መዝራት ተችሏል፤ ትልቁ ጥቅምም ይኸው ነው፣ ምክንያቱም ዝናቡ ሲከብድ ባዶ የሚውል ጥቁር መሬት አፈሩን ለጎርፍ ይሰጣል።

አንድ ነገር ግን ከወንድምዎ ጋር ሳይነጋገሩ አይጀምሩ። ቦይ ውሃን አያጠፋም፣ ያስተላልፋል እንጂ። ከእርስዎ ማሳ የወጣው ውሃ የሚያርፈው በታች ባለው ጎረቤት ማሳ ላይ ከሆነ፣ የእርስዎ ስንዴ ሲድን የእርሱ ይሰጥማል። በጥቁር መሬት ላይ የግል ቦይ ብቻውን ሥራ አይሆንም፤ አዋሳኞች ተስማምተው አንድ የጋራ መውረጃ እስከ ወንዙ ድረስ ማውጣት አለባቸው። ከቴክኒኩ ይልቅ የሚከብደው ይህ ስምምነት ነውና፣ እርስዎ ከከተማ ሲሄዱ ለማዳበሪያ ከሚያወጡት ገንዘብ ይልቅ አዋሳኞችን አስቀምጦ ለማነጋገር የሚያጠፉት አንድ ቀን ለቤተሰብዎ የበለጠ ይጠቅማል ብዬ አምናለሁ።

ጥያቄ፦ «በአራት ኪሎ ግቢ የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። የዋልካ አፈር በወንዝ ዳር ሜዳና ጎርፍ በሚተኛበት ዝቅተኛ ቦታ በዝቶ፣ በተራራው ላይ የሚያንሰው ለምንድን ነው? በመማሪያችን ላይ ‹የተወለወለ ገጽ› የሚል ምልክት ተጠቅሷል፤ በዓይን የት ማየት ይቻላል?» (ተማሪ፣ ከአራት ኪሎ)

መልስ፦ ሁለት ምክንያቶች ተደራርበዋል። የመጀመሪያው የውሃ ድካም ነው። ወንዝ ሞልቶ ከአፉ ሲወጣ ፍጥነቱ ወዲያው ስለሚቀንስ፣ ከባዱን አሸዋ እዚያው ዳር ላይ ይጥለዋል፣ በዚህም በወንዙ ግራና ቀኝ ከፍ ያለ ደለል ይከመራል። ከዚያ አልፎ ወደ ዝቅተኛው ሜዳ የሚዘልቀው ውሃ የሚሸከመው እጅግ ደቃቁን ሸክላ ብቻ ሲሆን፣ ያም የሚወርደው ውሃው ለቀናትና ለሳምንታት ሳይንቀሳቀስ ሲተኛ ነው። ስለዚህ ከወንዙ ዳር ጀምረው ወደ ሜዳው መሐል በእግርዎ ቢሄዱ አፈሩ ከአሸዋማ ወደ ለስላሳ፣ ከለስላሳ ወደ ከባድ ጥቁር ሸክላ ሲለወጥ ያገኙታል።

ሁለተኛው ምክንያት ኬሚካዊ ነው። ባዛልት ድንጋይ በዝናብ ሲበሰብስ ሲሊካ፣ ካልሲየምና ማግኒዚየም በውሃ ተሟሙተው ወደ ታች ይወርዳሉ። በተራራው ላይ ውሃው እያጠበ ስለሚያልፍ ቀይ፣ ብረት የበዛበትና እምብዛም የማያብጥ አፈር ይቀራል፤ ዝቅ ባለው ሜዳ ላይ ግን የታጠበው ሁሉ ስለሚጠራቀም ያ የሚያብጠው ሸክላ የሚሠራበት ሁኔታ ይመቻቻል። ጉድጓድ ቢቆፍሩ በጥልቁ የሚያገኟቸው ነጫጭ የኖራ ጠጠሮች የዚሁ ክምችት ምስክር ናቸው። ለዚህ ሩቅ መሄድ አያስፈልግዎትም። ከእንጦጦ ግርጌ ተነሥተው በከተማዋ ውስጥ ቁልቁል እስከ አቃቂ ሜዳ ድረስ ቢወርዱ፣ ከቀይ አፈር ወደ ጥቁር አፈር የሚደረገውን ሽግግር በአንድ ቀን ጉዞ ይጨርሱታል።

በአገራችን ይህ አፈር ወደ 12.6 ሚሊዮን ሄክታር የሚሸፍን ሲሆን፣ ከዚህ ውስጥ 7.6 ሚሊዮን ገደማው በደጋው ክፍል ነው። በጣና ዳር ርብና ጉማራ የሚተኙበት የፎገራ ሜዳ፣ ባሮ የሚያጥለቀልቀው የጋምቤላ ቆላ፣ የበቾ ሜዳም በዚህ ውስጥ ይገባሉ። ከድንበር ማዶ ያለው የሱዳን የጀዚራ ሜዳ ጥቁር ሸክላም ዓባይ ከእኛ ደጋ ባዛልት አጥቦ በረጅም ዘመን የወሰደው ደለል ነው፤ የሰናር ግድብ እ.ኤ.አ. በ1925 ተጠናቆ የጀዚራ የጥጥ እርሻ በመስኖ የተስፋፋው በዚሁ አፈር ላይ ነው።

የተወለወለውን ገጽ እኔ ያየሁት ባለፈው ሚያዝያ፣ ከሜክሲኮ አደባባይ ብዙም ሳይርቅ ለሕንፃ መሠረት በተቆፈረ ጉድጓድ ግድግዳ ላይ ነው። ከላይኛው ጥቁር ንብርብር ውስጥ አንድ ትልቅ ጓል ተገንጥሎ ወድቆ ነበር። ጓሉ የተላቀቀበት ገጽ ዘንበል ያለ፣ ቅባት የተቀባ ይመስል የሚያንጸባርቅ፣ ወደ አንድ አቅጣጫ የተሰመሩ ቀጫጭን ጭረቶች ያሉበት ነበር። ጣቴን በጭረቶቹ ላይ ሳሳልፍ እንደ ሳሙና ለሰለሰኝ። ያ የሚሆነው ያበጠ አፈር ወደ ላይ መውጣት ሲያቅተው ዘንበል ብሎ አንዱ በሌላው ላይ በከፍተኛ ግፊት ስለሚንሸራተት ነው። በየትኛውም አዲስ ቁፋሮ ላይ፣ ግድግዳው ደርቆ ሳይፈራርስ፣ የሥራውን ኃላፊ አስፈቅደው በሚቀጥለው ቅዳሜ ሄደው ይመልከቱ። ወደ ጉድጓዱ ግን አይውረዱ፤ ይህ ሸክላ ሲደርቅ ድንጋይ ቢመስልም በእነዚያው በተወለወሉ ገጾች ላይ ሳይታሰብ ይናዳል።

ጥያቄ፦ «መረሬ አፈር ጥቁር ስለሆነ ለም ነው ይባላል። በኮንዶሚኒየም በረንዳ ላይ ለተከልኩት ጽጌረዳና ጤና አዳም ብጠቀምበትስ?» (ሐ.ወ.፣ ከልደታ)

መልስ፦ ለብቻው አይጠቀሙበት። ጥቁረቱ የብስባሽ ብዛት ምልክት አይደለም፤ በብዙ ቦታ ብስባሹ ከ1 እስከ 3 በመቶ ብቻ ነው፣ ጥቁር የሚያስመስለው ከሸክላው ጋር በጽኑ ስለሚጣበቅ ነው። ንጥረ ነገር ይዞ በማቆየት ረገድ በእርግጥ ጠንካራ ነው፣ ናይትሮጅንና ፎስፈረስ ግን ብዙ ጊዜ ይጎድለዋል። በማሰሮ ውስጥ ደግሞ ሌላ ችግር ያመጣል፦ ሲደርቅ ከማሰሮው ዙሪያ ይላቀቅና የሚያጠጡት ውሃ ሥሩን ሳይነካ በጠርዙ ወርዶ ከታች ይፈሳል። ቀይ አፈርንና በደንብ የበሰለ ኮምፖስትን መሠረት አድርገው መረሬውን በጥቂቱ ይቀላቅሉ። ጤና አዳም በተለይ ሥሩ ውሃ ሲተኛበት አይወድምና ማሰሮው ከታች ቀዳዳ እንዲኖረው ያድርጉ።

ጥያቄ፦ «በካዛንቺስ አካባቢ ከእናቴ ጋር በምንኖርበት ፎቅ በሌለው፣ ምድር ቤት ብቻ በሆነ የብሎኬት ቤት ግድግዳ ላይ ከመስኮቱ ጥግ ተነሥቶ ሰያፍ የሚወጣ ስንጥቅ አለ። ሁለት ጊዜ በሲሚንቶ አስደፍነን ልስን አስለስነን ነበር፤ ተመልሶ ይከፈታል። የጓዳው በር በክረምት አልዘጋ ይላል፣ በጥርና በየካቲት ያለ ችግር ይዘጋል። ከጎናችን ያለው ረጅም ሕንፃ ግን ምንም አልሆነ። ለመሠረቱ ሲቆፈር ያ ጥቁር አፈር እንደወጣ እናቴ ታስታውሳለች። ቤቱ ሊወድቅብን ነው?» (ወ/ሮ ስ.፣ ከካዛንቺስ)

መልስ፦ ወይዘሮ፣ የበሩን ነገር መጻፍዎ ከሁሉ የበለጠ ጠቀመኝ። በወቅት የሚዘጋና የሚከፈት ስንጥቅ፣ ከወቅት ጋር የሚሻክርና የሚለሰልስ በር፣ ቤቱ ከሥር ካለው አፈር ጋር ከፍና ዝቅ እያለ መሆኑን በግልጽ ያሳያል። ከቤቱ መሐል ሥር ያለው አፈር ጣሪያ ስለጋረደው እርጥበቱ ዓመቱን ሙሉ ብዙ አይለዋወጥም። በማዕዘኖቹና በዳሮቹ ሥር ያለው ግን በክረምት ጠጥቶ ያብጣል፣ በበጋ ደርቆ ይኮማተራል። ቤቱ በአንድነት ቢነሣና ቢወርድ ኖሮ ባልተጎዳ፤ የሚሰነጥቀው ዳሩና መሐሉ የተለያየ መንቀሳቀሳቸው ነው። ስንጥቁም የሚጀምረው ግድግዳው ከሚደክምበት ከመስኮትና ከበር ጥግ ነው።

ረጅሙ ሕንፃ ያልተነካው በሁለት ምክንያት ሊሆን ይችላል። መሠረቱ ጥቁሩን አፈር አልፎ ከታች ባለው ጽኑ ንብርብር ላይ ያረፈ መሆኑ አንደኛው ነው። ሁለተኛው ክብደቱ ነው፤ የሚያብጥ አፈር ከባዱን ሕንፃ ማንሣት ሲያቅተው፣ ምድር ቤቱን፣ አጥሩንና የእግረኛ መንገዱን በቀላሉ ያነሣል። በዚህ አፈር ላይ በብዛት የሚጎዳው ቀላሉ ቤት ነው። አሳዛኙ ነገር፣ አነስተኛ ቤት የሚሠራ ሰው «ለዚህች ቤት የአፈር ምርመራ ምን ያደርጋል» ተብሎ የሚመከረው እዚሁ ላይ ነው፤ ምክሩ ስሕተት መሆኑን አጥብቄ መናገር እፈልጋለሁ።

በመጀመሪያ አፈሩ በእርግጥ የሚያብጥ መሆኑን በቤትዎ ይፈትኑት። ከአጥርዎ ሥር በግማሽ ሜትር ጥልቀት ጥቂት አፈር ያውጡ፣ በደንብ ያድርቁት፣ ወቅጠው በወንፊት ይንፉት። የልጆች የሲሮፕ መድኃኒት ይዞት በሚመጣው መለኪያ 10 ሚሊ ሊትር ሞልተው፣ ውሃ በተሞላ ረጅምና ቀጥ ያለ ብርጭቆ ውስጥ ቀስ እያሉ ይበትኑት። በሌላ ተመሳሳይ ብርጭቆ ውስጥ ከእንጦጦ በኩል የመጣ ቀይ አፈር በዚያው ልክ ያድርጉ። አንድ ቀን ሙሉ ሳይነኩ ካስቀመጡ በኋላ ከታች የተጠራቀመውን በማስመሪያ ይለኩ። ጥቁሩ የቀዩን እጥፍ ያህል ከፍታ ካለው ጥርጣሬዎ ልክ ነበር። በቤተ ሙከራ የሚሠራውም ከዚህ ብዙ አይርቅም፤ 10 ሚሊ ሊትሩ ደርሶ 20 ከሆነ አፈሩ መቶ በመቶ አብጧል ይባላል፣ ይህም ለቀላል ቤት አደገኛ ነው።

ቀጥሎ ግድግዳውን ትተው ውሃውን ይከተሉ። ሲሚንቶ ስንጥቁን ሁለት ጊዜ ደፍኖ ያልዘለቀው የሚንቀሳቀሰው ከታች ስለሆነ ነው። የጣሪያው አሸንዳ ውሃ በቤቱ ጥግ ላይ የሚፈስ ከሆነ ቱቦውን አስረዝመው ከግድግዳው ያርቁት። የልብስ እጣቢና የሳህን ውሃ በግድግዳው ሥር አይደፋ። የውሃ መስመርና ሴፕቲክ ታንክ የሚያፈስ መሆኑን ያስመርምሩ፤ አንድ ማዕዘን ብቻ ያለማቋረጥ የሚነሣ ከሆነ ብዙ ጊዜ ከሥሩ የሚያፈስ ቱቦ አለ። በቤቱ ዙሪያ ወደ ውጭ ዘቅዘቅ ያለ፣ ሰፋ ያለ ሊሾ ማስደረግ የዳሩን እርጥበት ያረጋጋል። ባሕር ዛፍ በቅርብ ካለ በበጋ ከመሠረቱ ሥር ውሃ እየመጠጠ ማዕዘኑን ያወርዳል፤ ሆኖም በድንገት ከመቁረጥዎ በፊት መሐንዲስ ያማክሩ፣ ምክንያቱም ዛፉ ሲጠፋ ይጠጣው የነበረው ውሃ በአፈሩ ቀርቶ ያሳብጠዋል።

አንዳንድ ባለሙያ በቤቱ ዙሪያ ቆፍሮ ጥቁሩን አፈር በገረጋንቲ መተካትን ሊመክርዎ ይችላል። ይህ ከቤቱ ግንባታ በፊት፣ በጥልቀትና ከመሠረቱ ሥር ጭምር ሲደረግ ጥሩ ዘዴ ነው። ቤቱ ቆሞ ሳለ ዳር ዳሩን ብቻ ሲደረግ ግን ውሃ የማያሳልፍ ጥቁር አፈር መሐል ገረጋንቲ የሞላበት ገንዳ መሥራት ይሆናል፤ የክረምቱ ውሃ እዚያው ተጠራቅሞ ወደ መሠረትዎ ይሰርጋል። ውሃው የሚወጣበት መንገድ ካልተበጀለት አይቀበሉት።

ስለ መውደቅ ላነሡት ጥያቄ፣ ሳላየው ቤቱ ደህና ነው ልልዎ አልችልም። ስንጥቁ የሚሰፋ መሆኑን ግን እርስዎ ራስዎ ማወቅ ይችላሉ። በስንጥቁ ግራና ቀኝ በምስማር ሁለት ትንንሽ ነጥቦች ይውጉ፣ በመካከላቸው ያለውን ርቀት በማስመሪያ ለክተው ቀኑን ግድግዳው ላይ በእርሳስ ይጻፉ። በሐምሌ አጋማሽ፣ በመስከረም መጨረሻና በሚያዝያ ላይ መለካቱን ይድገሙ። ቁጥሩ በየወቅቱ እየሰፋና እየጠበበ ወደ ነበረበት ከተመለሰ፣ ከላይ የጻፍሁት የውሃ ሥራ ይቀድማል። ሚያዝያ ላይ ካለፈው ሚያዝያ የሰፋ ከሆነ፣ ወይም ስንጥቁ እጅ ጣት የሚያስገባ ሆኖ ከኮርኒስ እስከ ወለል ከደረሰ፣ በዚያ ክፍል እናትዎን አያስተኙ፤ የለኩባቸውን ቁጥሮች ይዘው ወደ መዋቅር መሐንዲስ ይሂዱ። ልስኑን በተመለከተ፣ የውሃው ነገር ተስተካክሎ አንድ ሙሉ ክረምትና አንድ ሙሉ በጋ ካለፈ በኋላ በኅዳር ገደማ ቢያስለስኑት ይሻላል።